ወደ ፏፏቴው መውረዱስ ቀላል ነው

ባለፈው እትም መጨረሻ ላይ “ክረምቱ ወጣ፤ ከደሴ ብዙ ሳትርቁ በእግራችሁ ወርዳችሁ፣ ፏፏቴ አይታችሁ መመለስ ትችላላችሁ” ብዬ ሁለት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ጣጣው ከዚያ በኋላ መጣ። ጥያቄው እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደብኝ። የተራራችን የጦሳ ጦስ ይሏል ይሄ ነው። ሁሉንም መመለስ አልችልም። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ፣ ረጃጅሞቹን አሳጥሬ እነሆ።

*ሰላም ላንቺ ይሁን። አምስት የቢሮ ልጆች ነን፤ የፊታችን እሑድ ልንሄድ አስበናል። አንዱ ባልደረባችን “የአንድ ሰዓት መንገድ ናት፣ ቀላል ነው” ይላል። ሌላዋ ደግሞ “ሄጄ፣ ሞቼ ነው የተመለስኩት” ትላለች። ማንን እንመን?*
*አምስቱ፣ ከፒያሳ*

ሁለቱንም እመኗቸው። እሱ የሚያወራው ስለ መሄጃው ነው። እሷ የምታወራው ስለ መመለሻው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ተራራ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መጀመሪያ መውጣት፣ ከዚያ መውረድ ነው። ጉልበት ሳለ ትወጣላችሁ፣ ሲደክማችሁ ትወርዳላችሁ። የኛ አገር ግን ተገላቢጦሽ ነው። ደሴ ራሷ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ። ውሃ ደግሞ ልማዱ ነው፣ ወደ ታች ይሄዳል። ስለዚህ ከዚህ ተነስታችሁ ፏፏቴ ፍለጋ ስትሄዱ ገና ከመነሻው ቁልቁለት ነው። እየተሳሳቃችሁ፣ ፎቶ እየተነሳችሁ፣ አንዳንዴም እየተንደረደራችሁ ትደርሳላችሁ። ዳገቱ የሚጠብቃችሁ በልታችሁ፣ ጠጥታችሁ፣ እግራችሁን ዘርግታችሁ “ኧረ ደስ ሲል!” ካላችሁ በኋላ ነው።

ዊሊያም ናይስሚዝ የሚባል የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በፈረንጆቹ 1892 ያወጣት ቀላል ስሌት አለች። ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት ያዙ። በዚያ ላይ ሽቅብ ለምትወጡት ለየ600 ሜትሩ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩ። መንገዳችሁ 3 ኪሎ ሜትር ቢሆንና 300 ሜትር ብትወርዱ፣ መመለሻው 36 ደቂቃ ለርቀቱ፣ 30 ደቂቃ ለዳገቱ፣ በድምሩ አንድ ሰዓት ከስድስት ደቂቃ ይሆናል ማለት ነው። ግን ሰውዬው ተራራ ወጪ ነው! ሳይቆም፣ ሳያወራ፣ ስልክ ሳያነሳ የሚሄድ ሰው። ሳምንቱን ሙሉ ወንበር ላይ ለሚውል ለኛ ብጤው እኔ ሁልጊዜ በሁለት አበዛዋለሁ፤ ተሳስቼ አላውቅም። 300 ሜትር ደግሞ በወረቀት ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ከደሴ ኮምቦልቻ የምንወርደው ጠቅላላ ከፍታ 600 ሜትር ያህል ነው። በሚኒባስ ሐረጎን ስትወርዱ ጆሯችሁ ጥው ሲል አስቡት። የዚያን ግማሽ ነው በእግራችሁ የምትወጡት።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ አንብቤ አይደለም። ከጥቂት ዓመት በፊት በጥቅምት ሰባት ሆነን ወጣን። “አጭር ናት” ተብሎ ማንም አልቸኮለም። ቁርስ በላን፣ አንዷን ጠበቅን፣ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ተነሳን። 7 ሰዓት ግድም ውሃው ጋ ደረስን። ምሳ ተበላ፣ ተዘፈነ፣ አንዱ ተኛ። “እንሂድ” ስንባባል 10 ሰዓት አልፏል። ዳገቱ ገና ከመጀመሩ የአንዱ ጓደኛችን የቢሮ ጫማ ሶሉ ተላቀቀና እንደ ዳክዬ አፍ ይከፈት ይዘጋ ጀመር። የሌላኛውን ጫማ ማሰሪያ ፈትተን በመሀሉ ጠመጠምንለት። በየሃያ እርምጃው ይፈታል። ቆመን እናስራለን። በዚህ መሀል ጀንበሯ ከተራራው ጀርባ ገባች። የደሴ ሰው ያውቃል፣ ጦሳ በምዕራብ በኩል ስለሆነ ጥላው ቀድሞ ይመጣል፤ ሰዓቱ 12 ሳይሞላ ሸለቆው ይጨልማል። ሰባት ሰው፣ የሚሠራ ስልክ ሁለት። መጨረሻ ላይ አንዲት እናት ከደጃቸው ድምፃችንን ሰምተው ልጃቸውን ባትሪ አስይዘው ላኩልን። ልጁ ምናልባት አሥር ዓመቱ ነው። ፊት ፊታችን እየዘለለ ሲመራን፣ እኛ ትልልቆቹ በእጃችንም በእግራችንም ነበር የምንወጣው።

እና ለእሑድ፦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ መንገድ ጀምሩ። ውሃው ጋ ስትደርሱ ሰዓታችሁን እዩና የመነሻ ሰዓት ቁረጡ። እኔ ከ7 ሰዓት አላሳልፍም። ሰው ሁሉ ቢለምነኝ አልሰማም፣ ጓደኞቼ “ወታደሯ” ይሉኛል። ይበሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። መንገድ ላይ የምታገኙትን ሰው “ይርቃል?” ብላችሁ ብትጠይቁ “ኧረ እዚችው ናት” ይላችኋል። እውነቱን ነው፣ ለሱ እዚችው ናት። ርቀቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ቃሉን ሳይሆን አወጣጡን ስሙ። “እዚያ ማዶ” ካለ ቅርብ ነው። “እዚያአአአ ማዶ” ብሎ አገጩን ቀና ካደረገ ውሃችሁን ቆጥቡ።

*እንደምን ከርመሻል ልጄ። 61 ዓመቴ ነው፣ ጡረታ ላይ ነኝ፣ ኮምቦልቻ እኖራለሁ። ልጆቼ ይዘውኝ ሊሄዱ ይፈልጋሉ። ሽቅቡ ብዙ አይከብደኝም፣ ቁልቁለት ስወርድ ግን ጉልበቴን ይይዘኛል። ልቅር ወይስ ልሂድ?*
*አባት፣ ከኮምቦልቻ*

ይሂዱ እንጂ ጋሼ። ግን ጉልበትዎ የሚያብጥ ከሆነ፣ ወይም እየከዳዎት ከጣለዎት፣ አስቀድመው ለሐኪም ያሳዩት። እሱን እኔ በወረቀት አልፈታውም።

እብጠት ከሌለው ችግሩ ያው የቁልቁለት ነው። ስንወጣ ትንፋሽ ነው የሚያልቀው፣ ስንወርድ ደግሞ የጭንና የጉልበት ሥራ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ሰውነታችንን ፍሬን እንደመያዝ ነው። ስለዚህ ፍሬኑን ያግዙት። ከዘራ ይያዙ። “ሽማግሌ መሰልኩ” እንዳይሉ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ ዱላ ሳልይዝ አልወጣም። ሜዳ ላይ ቆመው ሲይዙት ክንድዎ ክርኑ ላይ ቀጥ ያለ ማዕዘን ቢሠራ ልኩ ነው፤ ለቁልቁለት ትንሽ ረዘም ቢል ይሻላል። መጀመሪያ ከዘራውን ወደ ታች ይትከሉ፣ ከዚያ እግርዎን ያስከትሉ። እርምጃዎን ያሳጥሩ። ጉልበትዎን ገትረው አይርገጡ፣ ትንሽ ሸብረክ ይበሉ። ቀጥታ ከመውረድ ደግሞ ከብቶቹ እንደሚወርዱት ጠመዝመዝ እያሉ ይውረዱ። ከብት ሞኝ አይደለም፣ ዳገት ላይ ያለውን የከብት መንገድ አይተውት ከሆነ አንዱም ቀጥ ያለ የለም።

የእግር ጥፍርዎን ከመሄድዎ በፊት ይቁረጡ። የጫማዎን ማሰሪያ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ቁርጭምጭሚትዎ ላይ ጠበቅ ያድርጉ፣ እግርዎ ወደ ፊት ተንሸራቶ ጣትዎ ከጫማው ጫፍ ጋር እንዳይጋጭ። ይቺን ችላ ብዬ የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሮ ወልቋል።

እርስዎ ኮምቦልቻ መሆንዎ አንድ ጥቅም አለው። ከታች ተነስተው ወደ ተራራው የሚወጡ ከሆነ ዳገቱ ቀድሞ ያልፍልዎታል። ጉዳቱ ደግሞ ልብስ ነው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው ያለው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀንስ፣ እርስዎ በሸሚዝ ወጥተው የደሴ ከፍታ ላይ ሲደርሱ 4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ላቡም ጀርባ ላይ ይበርዳል። ሹራብ ወይም ጋቢ ልጆችዎ ይሸከሙ። ለምን ወለዷቸው ታዲያ?

*ባለፈው ግንቦት ከዶርም ልጆች ጋር ያንን ሁሉ መንገድ ወርደን ምንም ውሃ አጣን። እርጥብ ድንጋይ አይተን ተመለስን። ፏፏቴው ደርቋል ወይስ መንገድ ተሳስተን ነው?*
*የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ደሴ*

አልተሳሳታችሁም ወንድሜ። የተሳሳታችሁት ወሩን ነው።

በኛ ተራሮች ጎን ላይ የምናያቸው አብዛኞቹ ፏፏቴዎች የዝናብ ልጆች ናቸው። ከጀርባቸው ትልቅ ወንዝ የለም፣ አንድ ሸንተረር ወይም አንድ የእርሻ ተዳፋት ብቻ ነው ያለው። ዋናው ዝናባችን ሐምሌና ነሐሴ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ቢመጣም ውሃው እንደ ክረምቱ አይቆይም። ደን ያለበት ተዳፋት ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ ቀስ እያለ ይለቀዋል፤ የተራቆተው ደግሞ ዝናቡን በዕለቱ ያንደረድረውና በሳምንቱ ባዶ እጁን ይቀራል። በኮምቦልቻ አጠገብ ያለውን የጎፍን ደን የሚያውቅ ሰው የማወራው ይገባዋል።

በሐምሌና በነሐሴም አትሂዱ። ያኔ ውሃው ኃይለኛ ነው፣ መንገዱ ግን ጭቃ ነው፤ ጉሙ ደግሞ ከወረደ ድምፁን ትሰማላችሁ እንጂ አታዩትም። ለኔ ምርጡ ከመስቀል እስከ ጥቅምት መጨረሻ ነው። አደይ አበባውም ሳይረግፍ፣ ውሃውም ሳይሳሳ፣ መንገዱም ደርቆ። ኅዳር ሲገባ ጠዋቱ ውርጭ ይጀምረዋል፣ የውሃው ክርም ይቀጥናል።

ያያችሁትን “እርጥብ ድንጋይ” ግን አትናቁት። ውሃ በሌለበት ጊዜ ነው የፏፏቴ አጥንቱ የሚታየው። ጥቁሩ ድንጋይ ባዛልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ቀልጦ የወጣ እሳት፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየፈሰሰና እየረጋ፣ እንደ እንጀራ ተደራርቦ የሠራው ነው ይሄ ከፍተኛ ቦታችን። በአንዱ ንብርና በሌላው መካከል አንዳንዴ ለስላሳ ነገር አለ፣ አመድ ወይም የጥንት አፈር። ውሃው ጠንካራውን ድንጋይ ቶሎ መብላት ሲያቅተው ከሥሩ ያለውን ለስላሳውን ይቦረቡረዋል። ላይኛው ያለ ምሰሶ እንደቀረ ጣራ ወደ ፊት ይወጣል። ፏፏቴ ማለት ይሄ ነው። ጣራው አንድ ቀን ይናዳል፣ ፏፏቴው ትንሽ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል፣ እንደገና ይጀምራል። ከፏፏቴ ሥር የምታዩት የድንጋይ ክምር ከየት የመጣ መሰላችሁ? ስለዚህ ጥላ ነው ብላችሁ ከዚያ ጣራ ሥር ምሳ አትብሉ።

ገደሉ ራሱ ለምን እዚህ ሆነ ካልክ ደግሞ፣ እኛ ያለነው የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። መሬቱ ወደ አፋር በኩል ደረጃ በደረጃ ሰመጠ። ኮምቦልቻ አንዱ ደረጃ ላይ ነች ብትል አትሳሳትም። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ የውሃው እጣ ፈንታ ነው። ደሴ ላይ የዘነበው በቦርከና በኩል ወርዶ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማያይ ወንዝ ነው፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ከተራራው ወዲያ ወደ ምዕራብ የዘነበው ደግሞ በበሽሎ አድርጎ ዓባይን ይዞ ግብፅ ይገባል። የአንድ ቀን ዝናብ ነው እንግዲህ። አንዱ ሜዲትራንያን፣ አንዱ አፋር በረሃ።

*ልጆቼ 9 እና 12 ዓመታቸው ነው። ውሃው ውስጥ ቢዋኙ፣ ቢጠጡስ ችግር አለው? አባታቸው “እኛ ልጅ ሆነን ጠጥተን አድገናል” ይላል።*
*እናት፣ ከሸዋ በር*

አባታቸው ጠጥቶ አድጓል፣ እውነት ነው። ያልተረፉት ግን አሁን አጠገባችን ሆነው መከራከር አይችሉም።

መጠጡ ይቅር እህቴ። ፏፏቴ ጥርት ብሎ ስለወረደ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ከላይ ከብት አለ፣ ሰው አለ፣ እርሻ አለ። ቦርከናን ጨርሶ አትንኩ፤ ከተማውን አቋርጦ ነው የሚመጣው፣ ከተማው ምን እንደሚጨምርበት እኔም አንቺም እናውቃለን። ለአንድ ሰው አንድ ተኩል ሊትር ከቤት ይዛችሁ ውጡ፣ ፀሐይ ከሆነ ሁለት። ከባድ ነው፣ ግን እየቀለለ ነው የሚሄደው። የግድ አፍልታችሁ የምትጠጡ ከሆነ ደግሞ ይቺን ልብ በይ፦ በኛ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ኮምቦልቻ ላይ አንድ ደቂቃ ይበቃል።

መዋኘቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ወደ ሞቃታማው ዝቅተኛ ቦታ በወረድን ቁጥር፣ ቀስ ብሎ በሚሄድ ወይም በተኛ ውሃ ውስጥ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ይኖራሉ። በኮምቦልቻ አካባቢ ወንዞች በሽታው የታወቀ ነው። ትሉ በአፍ አይደለም የሚገባው፣ በቆዳ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ በቂው ነው። ጉልበት ድረስ መግባትም ያው መግባት ነው። ልጆቹ ገብተው ከነበረ ደግሞ አትደንግጪ፣ መድኃኒት አለው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ወስደሽ ሰገራቸውን አስመርምሪ፣ ውሃ ገብተው እንደነበር ለሐኪሙ ንገሪው። ሳትነግሪው ከሆድ ቁርጠት ብቻ ላያስበው ይችላል።

ሌላው ጎርፍ ነው። አንቺ ያለሽበት ፀሐይ ሆኖ ከላይ ተራራው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ውሃው ከጠራነቱ ወደ ሻይ ቀለም ከተቀየረ፣ ቅጠልና ጭራሮ ይዞ መምጣት ከጀመረ፣ ወይም ድምፁ ከጨመረ፣ ዕቃውን ተይና ልጆቹን ይዘሽ ወደ ጎን ውጪ። ወደ ታች አይደለም፣ ወደ ጎን፣ ወደ ላይ። የሚሮጥ ውሃ ጉልበት ድረስ ብቻ ሆኖ አዋቂ ሰው ይጥላል። ልጆቹ ከድንጋዩ ላይ ወደ ገንዳው እንዳይዘሉ፣ ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ከላይ ሆኖ የሚያየው የለም። ፊታቸውን በርቀት የፏፏቴው ጢስ ያርጥበው። ይበቃቸዋል፣ እንዲያውም ሲያወሩት የሚውሉት እሱን ነው።

*ለአንድ ቀን ብዬ የተራራ ጫማ ልግዛ? ዋጋው አናቴን ነው የመታኝ።*
*ስሜ ይቆይ*

አትግዢ። ሶሉ ያላለቀ፣ ጥርስ ያለው ሸራ ወይም ስኒከር ይበቃል። ግን አዲስ ጫማ አድርገሽ አትውጪ፣ እግርሽ ውሃ ይቋጥራል። ሜዳ ላይ የተመቸ ለስላሳ ሶል ደግሞ እርጥብ ባዛልት ላይ ሳሙና ነው። ገበሬው ኮንጎ ጫማውን አድርጎ እየዘለለ ሲያልፍሽ አትቅኚ፣ እሱ መንገዱን ከነድንጋዩ ያውቀዋል። አንድ ትርፍ ካልሲ በፌስታል ቋጥረሽ ያዢ። ውሃው ጋ ደርሰሽ ስትቀይሪው ትመርቂኛለሽ።

*የምንሄደው የጾም ቀን ነው። ግማሾቻችን ጿሚ ነን፣ ሁለቱ ደግሞ ሙስሊም ጓደኞቻችን ናቸው። ለሁላችንም የሚሆን ምን እንያዝ?*
*የሰኞ ገበያ ልጆች*

ይሄ የወሎ ልጅ ጥያቄ ነው። ጥሬና ዱቄት ማንንም አያጣላም። በሶ ያዙ። የገብስ ነው፣ ሳትበጠብጡት በደረቁ ትወስዱታላችሁ፣ እዚያ በያዛችሁት ውሃ ትበጠብጣላችሁ፤ ማር ወይም ስኳር ጨምሩበት። አያቶቻችን ያንን ሁሉ አገር በእግራቸው የዞሩት በሱ ነው። ቆሎ በየኪሳችሁ። ድንች ቅቅል ከጨውና ከሚጥሚጣ ጋር በወረቀት ተጠቅልሎ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚጣፍጥ ቤት ሆኜ ላስረዳችሁ አልችልም። ብርቱካን፣ ቴምር። ወጥ በሳህን አታምጡ፣ ይፈሳል፣ ከፈሰሰ በኋላ ቦርሳው ለሦስት ወር ሽሮ ሽሮ ይላል። ልጣጩንም ፌስታሉንም መልሳችሁ ያዙት። የብርቱካን ልጣጭ ይበሰብሳል እያላችሁ አትጣሉ፣ ባለፈው የጣላችሁትን አይቼዋለሁ።

እስከ መጨረሻው የሚጾም ካለ ደግሞ አብሯችሁ ባይወርድ ይሻላል። ያለ ውሃ ያንን ዳገት መውጣት ቀልድ አይደለም። ሌላ ቀን አድርጉት።

*ገና ከመኪና ስንወርድ ልጆች ከበው “እኔ ልምራችሁ” ይላሉ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ብር ይጠይቃል። ዝም ብለን በራሳችን ብንሄድስ? ቅር የሚለው ሰው ይኖራል?*
*መንገደኞች፣ ከኮምቦልቻ*

በራሳችሁ አትሂዱ። መንገዱ ስለሚጠፋ ብቻ አይደለም። የሰው ደጅ ነው የምታልፉት። ከከተማ ሳትወጡ የአካባቢውን ሁኔታ አጣሩ፣ ጊዜው ጊዜ ነው፤ “ዛሬ ባትሄዱ” ካሏችሁ አትከራከሩ። ስትደርሱ አንድ አዋቂ ሰው ምረጡ፣ ዋጋውን መጀመሪያ፣ ጮክ ብላችሁ፣ ሌላው እየሰማ ተስማሙ። ልጆቹን እሱ ራሱ ይመልሳቸዋል። በትምህርት ቀን ልጅ አታስከትሉ።

ጥቅምት ላይ እህሉ ለመድረስ ይቀርባል። ለማቋረጥ ብላችሁ ጤፍ ወይም ገብስ ውስጥ አትግቡ፣ የሰው ዓመት ነው የምትረግጡት። ሰላምታውን እናንተ ጀምሩ። “እንዴት አደራችሁ” ወይም “አሰላሙ አለይኩም”፣ የቱን እንደሚሉ ካላወቃችሁ ሁለቱንም። ውሻውም ባለቤቱ ሲመልስላችሁ ከሰማ ድምፁን ይቀንሳል፣ ብዙ ጊዜ።

ቡና ይጠሯችኋል፣ አይቀርም። እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው! ቡናችን ሦስት መሆኑን አትርሱ። አቦሉን ጠጥቶ፣ ቶናውን ጠጥቶ፣ በረካን ሳይጠጡ መነሳት ነውር ነው። ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጨሶ፣ ዱዓው ተደርጎ፣ ያ ሁሉ ደስ ይላል፣ ግን አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ስትወርዱ ጠዋት ከሆነ ግቡ። በመመለሻ ከሆነ ግን “ዳገቱ ሳይመሽብን” በሉ። ይሄን ምክንያት የማይገባው ባለ ደጅ እስካሁን አልገጠመኝም። እንዲያውም “ምነው ቆማችሁ ታዲያ?” ብለው ነው የሚያባርሯችሁ።

*ፏፏቴውን ከአናቱ ሆኜ ቁልቁል ቪዲዮ መቅረጽ እፈልጋለሁ። ስልኬ ጥሩ ነው።*
*ባለ ስልኩ*

ስልክህ ጥሩ ነው፣ አናቱ ግን መጥፎ ነው። ውሃው የሚንሸራተትበት ድንጋይ አረንጓዴ አተላ የመሰለ ነገር ለብሷል። ሰው ስክሪን እያየ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሲሄድ እግሩን አያይም። ከማዶ ቁም። ውሃው የሐር ክር መስሎ የሚታየውም ከዚያ ነው። ጠዋት ፀሐዩ ከጀርባህ ሲሆን ጢሱ ላይ ቀስተ ደመና ታገኛለህ፣ ከአናቱ ሆነህ ግን የምታገኘው ጫማህን ብቻ ነው።

*ሰላም። እኔ ምክርሽን ሳልጠብቅ ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ተመለስኩ። በማግስቱ ደህና ነበርኩ ማለት ይቻላል። ሰኞ ግን ጭኖቼ ድንጋይ ሆኑ። ዳገት እወጣለሁ፣ ደረጃ መውረድ ግን አልቻልኩም። ግድግዳ ይዤ ነው የምወርደው። ታምሜ ይሆን?*
*የተቸገረ፣ ከአራዳ*

አብሽር፣ አልታመምክም። ዳገቱ አይደለም እንዲህ ያደረገህ፣ የናቅከው ቁልቁለት ነው። ስትወርድ የፊተኛው የጭን ጡንቻህ እየተለጠጠ ነው ክብደትህን የሚይዘው፤ ያልለመደ ጡንቻ በዚያ ሥራ ውስጡ ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል። ሕመሙ ወዲያው አይመጣም፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው የሚብሰው፣ ሳምንት ሳይሞላ ይለቅሃል። ዝም ብለህ አትተኛ፣ ሜዳ ላይ ቀስ እያልክ ተራመድ። ሽንትህ እንደ ኮካ ከጠቆረ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፣ ያኔውኑ ሐኪም ቤት ሂድ።

እስከዚያ ደረጃውን ፊትህን ወደ ላይ አዙረህ፣ መደገፊያውን ይዘህ ወደ ኋላ ውረደው። ሕመሙ ቀለል ይልሃል። እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው፤ የቢሮአችን ዘበኛ መጀመሪያ ሰሞን ይደነግጡ ነበር፣ አሁን ወደ ኋላ ስወርድ ሲያዩኝ “ዘንድሮም ሄድሽ?” ብቻ ነው የሚሉኝ።